ድሬዳዋ ላይ ለወራት ቆሞ የከረመ መኪና፦ ችግርና መፍትሄ

መኪናውን ግቢ ውስጥ ዘግቶ ለሦስትና ለአራት ወር ከከተማ የሚወጣ ሰው ሲመለስ የሚገጥሙት ብልሽቶች አብዛኞቹ መነሻቸው በጉዞው ዕለት የተዘለለ ትንሽ ሥራ ነው። በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙትን ከምልክታቸው በመነሳት አቀርባለሁ።

ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል

ባትሪው ወርዷል ማለት ነው። መኪናው ቆሞም ቢሆን አላርሙ፣ ሰዓቱና ኮምፒውተሩ ኃይል ይወስዳሉ፤ ሁሉም ተደምረው 50 ሚሊአምፔር ቢወስዱ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ስለሚሆን፣ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ50 ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል። በዚህ ላይ ባትሪ ምንም ሳይሠራ በራሱ የሚደክም ሲሆን፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ድካሙ በእጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን፣ ሐረር ላይ ሁለት ወር የቻለ ባትሪ ድሬዳዋ ላይ ላይችል ይችላል።

አዲስ ባትሪ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም። በቴስተር ሲለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ተሟጧል። ሌሊቱን በዝግታ ቻርጅ ተደርጎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ሲለካ ከ12.4 በታች ከወረደ ግን ዕድሜው እየጨረሰ ነው። ከጎረቤት መኪና በኬብል የሚያስነሳ ሰው በመጀመሪያ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ያገናኝ፤ የኔጌቲቩን የመጨረሻ ጫፍ ከደከመው ባትሪ ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይሰር።

ይህ ሁሉ እንዳይመጣ በጉዞው ዕለት የ10 ቁልፍ ይዞ የኔጌቲቩን ገመድ መፍታት በቂ ነው፤ የመኪናው ማስነሻ ቁልፍ ውስጥ አለመቅረቱ ግን አስቀድሞ ይረጋገጥ። ጎረቤት በሳምንት አንድ ቀን ለአምስት ደቂቃ እንዲያስነሳልን አደራ ማለት የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም። በዚያች አጭር ጊዜ ባትሪው ለማስነሻ ያወጣውን አይመልስም፤ በደንብ ያልሞቀ ሞተርም ዘይቱና ጭስ ማውጫው ውስጥ እርጥበት ያስቀራል። አደራ ከተባለ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ይመለስ።

ሞተሩ ይነሳል፤ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም

የእጅ ፍሬን ተስቦ ከከረመ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ በተለይ ክረምቱን ከርሞ ከሆነ። አንደኛና የኋላ ማርሽ እያፈራረቁ በቀስታ ማወዛወዝ ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። እምቢ ካለ ጎማው ወልቆ ታምቡሩ በእንጨት ላይ በመዶሻ ይመታል እንጂ ነዳጅ በመርገጥ መጎተት ሸራውን ይነቅለዋል። ስለዚህ መኪናን ለረጅም ጊዜ ስናቆም የእጅ ፍሬኑን ለቀን፣ ማርሽ አስገብተን፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ እናደርጋለን። ሐረር ላይ እንደሚበዛው መሬቱ ዘቅዘቅ ያለ ከሆነ ሜዳ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል ወይም አየር ያጣል

ወራት የቆየ ቤንዚን ሊበላሽ ስለሚችል አዲስ ጨምሮ ማቀላቀል ነው፤ ከመሄድ በፊት ሰርባቲዮውን (የነዳጅ ታንኩን) መሙላት ደግሞ ያግዛል። ሁለተኛው ጥፋተኛ አይጥ ነው። በአንድ ወቅት ከወራት በኋላ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ከፍቼ፣ በተቦጫጨቀ ጨርቅ መካከል በእፍኝ የሚታፈስ የባቢሌ ኦቾሎኒ ልጣጭ አገኘሁ፤ ከጎኑ ያለው ሽቦም መዳቡ እስኪታይ ተግጦ ነበር። ስለዚህ ኮፈኑ ሳይከፈትና ሽቦዎቹ ሳይታዩ ቁልፍ አይዞር፤ ስንሄድም እህል ወይም ኦቾሎኒ አጠገቡ አናስቀምጥ።

ምንጣፉ እርጥብ ነው

ውኃ ገብቷልና ሞተሩ በመካኒክ ሳይታይ አይነሳ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ መስሎ ቢታይም በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈ ወንዝ ነውና ዳርቻው ላይ መኪና ትቶ መሄድ አይገባም።

ሲነዳ መሪው ይርገበገባል

ጎማው በአንድ ወገን ተኝቶ ቅርጹ ተበላሽቷል። ነፋሱ ሞልቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ ጎሚስታ ይየው።

ሁሉም ደህና ቢመስልም የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐረር አይሁን፤ የደንገጎ ዳገት ሞተሩን፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬኑን ይፈትናል። እዚያው ድሬዳዋ ውስጥ እስከ ሳቢያን ሰፈር ደርሶ መመለስ፣ ከዚያም ወርዶ እጅን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ሳይነኩ ማስጠጋት ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ካለ ፍሬኑ እንደያዘ ነውና ጉዞው ለሌላ ቀን ይተላለፍ።