ዝንጅብልን ለሩማቶይድ አርትራይተስ፦ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን እንዴት እንጠቀመው?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት ሰው ጠዋት ሲነሳ ጣቶቹ አልታጠፍ ይሉታል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ፈተና ነው። ዝንጅብል ለዚህ ይረዳል ወይ? በመጠኑ ሊረዳ ይችላል። ኢራን ውስጥ 70 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን 1500 ሚሊግራም የዝንጅብል ዱቄት ለ12 ሳምንት የወሰዱት ሕመማቸው ቀለል ብሎ ታይቷል። ጥናቱ ግን ትንሽ ነው።

በሽታው የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው። ሕመሙ ጋብ ቢልም ውስጥ ውስጡን አጥንቱን መጉዳቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሜቶትሬክሴትም ሆነ ሌላ የታዘዘ መድኃኒት በዝንጅብል አይተካም። እባካችሁ፣ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። በተለይ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የምትወስዱ፣ የሐሞት ጠጠር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ የያዛችሁ። ዝንጅብል ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል።

ሲገዙ ጠንከር ያለ፣ ቆዳው ያልተጨማደደና ያልሻገተ ይምረጡ። የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ቁራጭ አጥባችሁ ልጡና በሙቀጫ ጨፍልቁ። በሁለት ስኒ ውኃ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ በቀስታ እሳት ለ10 ደቂቃ ያህል አፍሉት። አጥልላችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ማር ከፈለጋችሁ ትንሽ፤ ስኳር ላለበት ሰው ግን ይቅር።

ዱቄቱን ለሚመርጥ፣ ለበርበሬና ለሽሮ የምናደርቀው ዝንጅብል ይሆናል። ወፍጮ ቤት ከወሰዳችሁት ግን ከእናንተ በፊት የተፈጨው በርበሬ ይቀላቀልበታል፤ ጨጓራ ላለበት ሰው ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉት። መጠኑ በቀን አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ለሁለት ከፍላችሁ ምግብ ላይ ነስንሱት ወይም በሞቀ ውኃ ጠጡት። ሻዩን ከጠጣችሁ ዱቄቱን አትደርቡ።

ባዶ ሆድ አይወሰድ። ብዙ የመገጣጠሚያ ሕሙማን ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ወይም ፕሬድኒሶሎን (እብጠትና ቁጣ የሚቀንስ ስቴሮይድ) ስለሚወስዱ ጨጓራቸው ቀድሞውኑ የተቆጣ ሊሆን ይችላል። ካቃጠላችሁ መጠኑን ቀንሱ፤ ካልተሻላችሁ ተዉት።

ለውጡን በግምት አትለኩት። ጠዋት ጣቶቻችሁ እስኪፍታቱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በየቀኑ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ሁለት ሦስት ወር ሞክራችሁ ካልቀነሰ፣ ዝንጅብሉ ለወጥ ይሁን። መገጣጠሚያ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ሻይ አፍልታችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።