ሁለት ላይብረሪ፣ አንድ የሄደር ስም፦ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሲ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት ላይ ሁለት ላይብረሪ አስገባችሁ እንበል። ሁለቱም ዩቲልስ ዶት ኤች የሚባል ሄደር፣ ማለትም ኮዳችሁ በኢንክሉድ የሚያስገባው ፋይል፣ አላቸው። ኮምፓይለሩ የቱን ልክፈት ብሎ አይጠይቃችሁም፤ ቀድሞ ያገኘውን ከፍቶ ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የትኛው ፋይል እንደተከፈተ ሳያይ ኮዱን መነካካት ይጀምራል። እባካችሁ መጀመሪያ እዩ። ኮምፓይለራችሁ ጂሲሲ ወይም ክላንግ ከሆነ ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ካፒታል ኤች ጨምሩ፤ የተከፈተውን ሄደር ሁሉ ካለበት ፎልደር ጋር ይዘረዝርላችኋል። አርዱይኖ ደግሞ የትኛውን ላይብረሪ እንደወሰደና የትኛውን እንደተወ ራሱ ይጽፋል፣ አትዝለሉት።

ሌላው ስህተት የሰረዝ ካፒታል አይ ቅደም ተከተልን ማገለባበጥ ነው፤ ሰረዝ ካፒታል አይ ኮምፓይለሩ ሄደር የሚፈልግበትን ፎልደር የምትነግሩበት ነው። አንዱን ስታስቀድሙ ሌላው ይደበቃል። ሁለቱም ካስፈለጉ በዚህ መንገድ አይፈታም። ፍለጋው አንድ ፎልደር ከፍ ብሎ እንዲጀምር አድርጉና ኢንክሉዱ ላይ የላይብረሪውን ፎልደር ስም ከፋይሉ በፊት ጻፉ፤ ቡስትና ኦፕንሲቪም ሄደሮቻቸውን በራሳቸው ስም ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት።

እኔን ሙሉ ምሽት የፈጀብኝ ግን ኢንክሉድ ጋርድ ነው፣ አንድ ሄደር ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክለው ስም። ትክክለኛው ፋይል ተከፍቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ኮምፓይለሩ ግን ፈንክሽኑን አላውቀውም ይላል። ለካ የሁለቱም ላይብረሪ ፋይሎች አናታቸው ላይ ያለው ጋርድ አንድ ዓይነት ነው፦ ዩቲልስ አንደርስኮር ኤች። የመጀመሪያው ያንን ስም ዲፋይን ስላደረገው፣ ሁለተኛው ሲከፈት ከላይ እስከ ታች እንደሌለ ተቆጥሮ ታለፈ። በራሳችሁ ፋይሎች ጋርዱ ላይ የፕሮጀክቱን ስም ጨምሩበት።

የላይብረሪውን ሄደር ስም በእጅ መቀየርም አያዋጣም። ላይብረሪው ሲዘመን የድሮው ስም ተመልሶ ይመጣል።

የራሳችሁን ፋይል ታይም ዶት ኤች ወይም ስትሪንግ ዶት ኤች አትበሉት፣ የስታንዳርዱን ሊሸፍንባችሁ ይችላል። ሲ ፕላስ ፕላስ 20 ደግሞ ቅጥያ የሌለው ቨርዥን የሚባል ሄደር ጨምሯል። ማክ ላይ የፋይል ስም በተለምዶ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ስለዚህ የፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር በሰረዝ ካፒታል አይ ከገባና እዚያው ውስጥ በትልልቅ ፊደል ቨርዥን የተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ካለ፣ ኮምፓይለሩ እሱን ሄደር ነው ብሎ ከፍቶ ውስጡ ያለውን የቨርዥን ቁጥር፣ ለምሳሌ 1.4.2ን፣ እንደ ኮድ ሊያነብ ይሞክራል። ፋይሉን ቲኤክስቲ ቅጥያ ስጡት፣ ወይም ዋናውን ፎልደር ከፍለጋው ዝርዝር አውጡት።