ደጋ ላይ በረኛ ማሠልጠን፦ ከጣሊያን ግብ ጠባቂዎች የሚወሰደው

ጂያንሉዊጂ ቡፎን ለፓርማ ዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ17 ዓመቱ፣ ከሚላን ጋር ነው። ጓንቱን የሰቀለው በ2023፣ በ45 ዓመቱ። በረኛን ይህን ያህል ዘመን የሚያቆየው አቋቋም ነው። ኳሱ ከመመታቱ በፊት ቦታውን የያዘ በረኛ ብዙውን ኳስ ሳይወረወር ይይዛል፤ ያልደረሰው በየምቱ መሬት ላይ ይከሰከሳል። ደብረ ብርሃን፣ የመንዝዋ መሐል ሜዳም ሆነ አንኮበር ልጆች የምታሠለጥኑ ከዚሁ ጀምሩ። ብዙ ቦታ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ደረቅ መሬት ላይ እንዲወረወር ይደረጋል፤ ክርኑና ዳሌው ይላጣል፣ ከዚያ ወዲያ ኳስ ሲመጣበት ፊቱን ማዞር ይለምዳል።

ልጁን ወደ ጎል ለማስገባት አትቸኩሉ። ቡፎን በልጅነቱ አማካይ ነበር፤ ወደ ጎል የገባው በ1990 የዓለም ዋንጫ ካሜሩናዊውን በረኛ ቶማ ንኮኖን አይቶ ነው። እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ልጁ የልምምዱን ግማሽ በእግሩ ይጫወት። ከ1992 ወዲህ በረኛ ጓደኛው አውቆ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ መንካት አይፈቀድለትም፤ በሁለቱም እግሩ ማቀበል የማይችል ልጅ በኋላ ይቸገራል። በቁመትም አትፍረዱ። ዲኖ ዞፍን በ14 ዓመቱ ኢንተርና ጁቬንቱስ አጭር ነው ብለው መልሰውታል፤ በ1982 በ40 ዓመቱ የጣሊያን አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሳ።

አቋቋምን ለማስተማር ከገመድ የተሻለ መሣሪያ የለም። 24 ሜትር ገመድ አምጡና ሁለቱን ጫፎች በሁለቱ ቋሚዎች ላይ በጉልበት ከፍታ እሰሩ። መካከሉን አንድ ልጅ ይዞ እስከ ፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ፣ ማለትም 11 ሜትር ድረስ ይወጥረው፤ ኳሱ እዚያ ይቀመጥ። በረኛው መስመሩ ላይ ሲቆም የሚጠብቀው ስፋት 7.32 ሜትር ነው። 3 ሜትር ወደፊት ሲራመድ በሁለቱ ገመዶች መካከል የሚቀረው 5.32 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ልጁ በዓይኑ ይየው፤ እጆቹን ዘርግቶ ይለካው። ቀጥሎ ገመዱን የያዘው ልጅ እንደወጠረው ወደ ግራና ቀኝ ይሂድ፤ በረኛው በአጫጭር የጎን እርምጃ እየተከተለ ሁልጊዜ ከሁለቱ ገመዶች እኩል ይራቅ። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ኳሱ ወደ ጎን ሲሄድ ቅርቡ ቋሚ ላይ መለጠፍ ነው፤ የሩቁ ማዕዘን ባዶ ይቀራል። ሌላው እግርን ማቆላለፍ ነው፤ እግሩ የተቆላለፈ በረኛ ኳሱ በተቃራኒ ቢመጣበት መነሳት አይችልም።

የደጋውን አየር ደግሞ አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳሱ ፍጥነቱን ቶሎ አይለቅም፣ እምብዛም አይታጠፍም፣ ከላይም ዘግይቶ ይወርዳል። ስለዚህ መቺው እግሩን ሲያነሳ በረኛው ሁለት እግሩን ተክሎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ክብደቱን በእግሩ ጣቶች በኩል ጥሎ መቆም አለበት። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ስትጫወቱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኳሱ ቀስ ይላል፣ የበለጠም ይታጠፋል፣ የደጋው በረኛ ቀድሞ ይወድቃል። ከጨዋታው በፊት ቢያንስ 20 የተሻገሩ ኳሶችን እዚያው ሜዳ ላይ ይያዝ። ሸዋ ሮቢት የተነፋ ኳስ ሽቅብ ሲወጣ ይጠጥራል፤ ለልጆች ልምምድ ግፊቱን ወደ 0.6 ከባቢ አየር አውርዱት።

አያያዙ እንዲህ ነው፦ ከደረት በላይ ለሚመጣ ኳስ ሁለቱ አውራ ጣቶች ሊነካኩ ይቀራረቡ፣ መዳፎቹም ከኳሱ ኋላ ይሁኑ። አውራ ጣቶቹ ከተራራቁ ኳሱ በመካከላቸው ሾልኮ ፊት ይመታል። ለመሬት ኳስ አንዱ ጉልበት ወደ ጎን ይውረድ፤ በጉልበቱና በሌላው ተረከዝ መካከል ኳስ የሚያሳልፍ ክፍተት አይኑር። በጥቅምትና ኅዳር ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ ጠንካራ ምት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ የደነዘዘ ጣት ይሰበራል።

መውደቅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አራት ጆንያ ጭድ ሙሉ፤ ሲተኛ ውፍረቱ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል፣ ጢም ካለ ይንከባለላል። ልጁ መጀመሪያ ተቀምጦ በየጎኑ 10 ጊዜ፣ ቀጥሎ ተንበርክኮ 10፣ ቁጢጥ ብሎ 8፣ በመጨረሻ ቆሞ 6 ጊዜ ይውደቅ። መሬቱን የሚነካው በቅደም ተከተል የጭኑ ውጭ፣ ዳሌው፣ ጎኑና ትከሻው ነው። ክርኑ ቀድሞ ከነካ ትከሻው ይወልቃል፤ በሆዱ ከወደቀ ኳሱ ከሥሩ ያመልጣል። ክርን የሚያስቀድም ልጅ ካያችሁ ወደ ተንበርካኪው ልምምድ መልሱት።

ጓንቱን ከልምምድ በፊት በትንሽ ውኃ አርጥቡት፤ ደረቅ ላቴክስ አቧራ ይዞ ይንሸራተታል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ለብ ባለ ውኃ እጠቡና በጥላ አድርቁት፣ ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል።

ለፍፁም ቅጣት ምት ጂያንሉዊጂ ዶናሩማን ተመልከቱ። በ2020 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የእንግሊዞቹን የሳንቾንና የሳካን ምት አድኗል። ሕጉ ምቱ ሲመታ ቢያንስ የአንድ እግር ከፊሉ መስመሩ ላይ፣ ትይዩው ወይም ከኋላው እንዲሆን ያዛል። ልጁ የመቺው የድጋፍ እግር ኳሱ አጠገብ እስኪያርፍ አይንቀሳቀስ፤ እናንተ ከጎን ሆናችሁ እግሩን ብቻ ተመልከቱ። ቀድሞ የተንቀሳቀሰበትን ምት ቢያድነውም እንኳ አትቁጠሩለት፤ ይደገም።