ለቤት ኪራይ ድጎማ ስታመለክቱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

እንግሊዝ ውስጥ ኪራይ ያማረረው ሰው ብዙ ነው። ድጎማ እየተገባው ሳያገኝ የሚቀረውም ብዙ ነው። ወይ የተሳሳተ በር አንኳኩቷል፣ ወይ ዘግይቷል፣ ወይ ፎርሙ ላይ አንዲት ቁጥር አበላሽቷል። ከነዚህ ሁለቱን እኔ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ ለመምከር ብቁ ነኝ የምለውም በዚሁ ነው።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

«ሃውዚንግ ቤኔፊት» (ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የሚሰጠው የኪራይ ድጎማ) የሚለው ስም አፋችን ላይ ስለቀረ ሰው አሁንም ካውንስል ሄዶ ይሰለፋል። ዛሬ ግን በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው አዲስ ሲጀምር የሚያመለክተው ለዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው፣ ማለትም መንግሥት ገቢው ላነሰው ሰው በየወሩ ለሚከፍለው ድጎማ፤ የኪራዩም ድጎማ እዛው ውስጥ ነው። በሃውዚንግ ቤኔፊት በኩል አዲስ የሚጀምሩት የጡረታ ዕድሜ የደረሱ ሰዎች፣ ካውንስል ጊዜያዊ ቤት ያስገባቸው፣ ወይም ከቤቱ ጋር ድጋፍ የሚሰጣቸው ናቸው። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ ጡረታ መድረሱ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ቦታ ነው የምታመለክቱት፤ ለኪራዩ ካውንስል፣ ለቀለቡ ዩኒቨርሳል ክሬዲት። አንዱን ሞልቶ ሌላውን የረሳ ሰው አውቃለሁ፤ ያወቀው የኪራይ ዕዳ ደብዳቤ ሲመጣለት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ቪዛችሁን አንብቡ። «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» (የመንግሥት ድጎማ መውሰድ አይቻልም) የሚል ካለበት ሁለቱም ድጎማዎች የተከለከሉ ናቸው፤ ማመልከቱ ራሱ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ሊያበላሽ ይችላል። ከባልና ሚስት አንዱ ብቻ እንዲህ ያለ ቪዛ ካለው ነገሩ ይወሳሰባል። ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጥ ሰው አነጋግሩ፤ የሰፈር ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም። የስደተኝነት ፈቃድ ያገኘ ሰው ግን ይገባዋል፤ ፈቃዱ በወጣ ማግስት ማመልከት ይችላል።

ሰነድ እስኪሟላ መጠበቅ

ይኼኛው የኔ ስህተት ነው። አከራዬ «አዲስ ውል አዘጋጅልሃለሁ» አለኝ። እኔም ውሉ ይምጣና አንዴ ሙሉ አድርጌ ላስገባ ብዬ ጠበቅኩ። ውሉ መጣ፤ ከአንድ ወር ከአስር ቀን በኋላ። ያ ሁሉ ቀን በከንቱ አለፈ፤ ክፍያው የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነዋ። ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይከፈለኝ ማለት ይቻላል፤ ግን በዩኒቨርሳል ክሬዲት ቢበዛ አንድ ወር ነው፣ እሱም እንደ ሕመም ያለ ምክንያት ሲኖር። «አላወቅኩም ነበር» ወይም «ውል እየጠበቅኩ ነበር» ምክንያት አይሆንም። ጡረተኞች ላይ ይሻላል፤ ሃውዚንግ ቤኔፊት ለነሱ እስከ 3 ወር ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ አስገቡ፣ የጎደለውን ነገ አምጡ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ኦንላይን አካውንት መክፈት ማመልከት ማለት አይደለም። የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጭናችሁ እስክትልኩት ድረስ ምንም አልጠየቃችሁም፤ በ28 ቀን ውስጥ ካልጨረሳችሁ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

የሳምንቱን ኪራይ በአራት ማባዛት

ትንሽ ትመስላለች። ኪራያችሁ በሳምንት 250 ፓውንድ ነው እንበል። በአራት ስታባዙት 1,000 ይመጣል፤ ይኼን «የወር ኪራዬ» ብላችሁ ሞላችሁ። ግን ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። 250 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 1,083 ፓውንድ ከ33 ሳንቲም ይሆናል። በየወሩ 83 ፓውንድ በገዛ እጃችሁ ቀነሳችሁ ማለት ነው። በሳምንት የምትከፍሉ ከሆነ «በሳምንት» የሚለውን ምረጡና ቁጥሩን እንዳለ ጻፉ፤ ማባዛቱን ለነሱ ተዉላቸው። ኪራዩ ውስጥ ጋዝ፣ መብራትና ውሃ ተደባልቆ ከሆነ ግን ለይታችሁ አሳዩ፤ እሱን ድጎማው አይሸፍንም።

ሙሉውን ይከፍሉልኛል ብሎ ውል መፈረም

ከግለሰብ ስትከራዩ ድጎማው ጣሪያ አለው። ጣሪያው እንደ አካባቢውና እንደሚፈቀድላችሁ መኝታ ክፍል ብዛት ይለያያል፤ አከራዩ ምንም ያህል ቢጠይቅ ከሱ በላይ አይከፈልም። ክፍሉን የሚቆጥሩት ደግሞ በነሱ ሕግ ነው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ሁለት ልጆች ወንድና ሴትም ቢሆኑ አንድ ክፍል ይጋራሉ ይባላል፤ ፆታቸው አንድ ከሆነ ደግሞ 16 እስኪሞላቸው። ዕድሜው ከ35 በታች የሆነ ብቸኛ ሰው፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ የሚሰላለት በጋራ ቤት ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ዋጋ ነው፤ ስቱዲዮ ቢከራይም ልዩነቱ ከኪሱ ነው። የካውንስል ወይም የሃውዚንግ አሶሲዬሽን (ለትርፍ ያልቆመ አከራይ ድርጅት) ቤት የተከራያችሁ በሥራ ዕድሜ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ትርፍ መኝታ ካለ 14 በመቶ፣ ሁለትና ከዛ በላይ ካለ 25 በመቶ ይቆረጥባችኋል። የአካባቢያችሁ ጣሪያ በፖስት ኮድ ኦንላይን ይታያል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት እዩት።

ስም አንድ ቦታ እንዲህ፣ ሌላ ቦታ እንዲያ

የኛ ሰው ልዩ ችግር ይህ ነው። ቪዛው ላይ ሦስት ስም፣ ባንኩ ላይ ሁለት፣ ውሉ ላይ አከራዩ እንደሰማው የጻፈው ስም። ሚስት የባሏን ስም ስለማትይዝ «ይህች ማናት?» ይባላል። የልደት ቀንም አለ፤ በኛ አቆጣጠር የተወለዳችሁበትን ዓመት ሳትቀይሩ አንድ ቦታ ሞልታችሁ ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ይለያያል። ፎርሙ ላይ ቪዛችሁ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ውሉ ላይ ያለው ከተለየ አከራዩ እንዲያስተካክልላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነም ሁለቱም ስም የናንተ መሆኑን አስቀድማችሁ አስረዱ።

የእቁቡን ብርና አገር ቤት ያለውን ቤት መዝለል

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ የባንክ ስቴትመንታችሁን ያያሉ። ቁጠባችሁ ከ6,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ምንም አይነካችሁም። ከዛ እስከ 16,000 ከሆነ ድጎማው እየቀነሰ ይሄዳል። ከ16,000 ሲያልፍ የለም። ጡረተኛ ከሆናችሁ የማይነካው እስከ 10,000 ነው፤ ከፔንሽን ክሬዲት (ገቢያቸው ላነሰ ጡረተኞች ከሚሰጠው ድጎማ) ውስጥ ጋራንቲ ክሬዲት የሚባለውን የምታገኙ ከሆነ ደግሞ የ16,000ው ገደብ አይመለከታችሁም።

እንግዲህ እቁብ ወጣላችሁ እንበል። አንድ ቀን ማክሰኞ አካውንታችሁ ላይ 12,000 ፓውንድ ገባ፣ ከሃያ ሰው፣ በሃያ ስም። ፎርሙን የሚያየው ሠራተኛ እቁብ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? እሱ የሚታየው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። የእቁቡን ዝርዝር፣ ስንት እንደምትጥሉና ተራችሁ መቼ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት፣ ዳኛው የፈረመበት ቢሆን ይመረጣል፣ አስቀምጡ። ይህ ገንዘቡን ከቁጠባ አያስወጣውም፤ ግን ደብቃችኋል ከመባል ያድናችኋል። ለለቅሶ ተዋጥቶ እናንተ ጋ የተቀመጠ ብርም እንደዛው፤ የናንተ አለመሆኑን የምታሳዩት እናንተ ናችሁ።

ፎርሙ ውጭ አገር ስላለ ንብረትም ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም ንብረት ነው። «ወንድሜ ነው የሚኖርበት» ብትሉም በስማችሁ ከሆነ መናገር አለባችሁ፤ ተናግራችሁ ይቆጠር አይቆጠር እነሱ ይወስኑ። ገንዘቡን ወደ እህት አካውንት አዛውሮ «አሁን የለኝም» ማለቱ ደግሞ የባሰ ነው። ድጎማ ለማግኘት ብላችሁ እንዳሸሻችሁት ካመኑ እንዳላችሁ አድርገው ነው የሚያሰሉት። ብሩም የለም፣ ድጎማውም የለም።

ቤት ውስጥ ማን እንዳለ መርሳት

ሥራ የያዘ ትልቅ ልጅ፣ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ መጥቶ ስድስት ወር የቆየ የአጎት ልጅ። አብሯችሁ የሚኖር ትልቅ ሰው ካለ ከድጎማው ሊቆረጥ ይችላል፤ ካልተናገራችሁ ደግሞ በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ከዘመድ መከራየት ይቻላል፣ እውነተኛ ኪራይ ከሆነና በባንክ የምትከፍሉ ከሆነ። ከወንድማችሁ ጋር በአንድ ቤት እየኖራችሁ ለሱ ኪራይ እከፍላለሁ ማለት ግን አያስኬድም።

ገንዘቡ ሲገባ

የዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያ ክፍያ 5 ሳምንት አካባቢ ይፈጃል፤ አከራዩን ዛሬውኑ ንገሩት። ቅድሚያ ብር ይሰጣሉ፣ ግን ብድር ነው፤ በየወሩ ይቆረጣል። ኪራዩ የሚገባው በናንተው አካውንት ነው፣ ከቀለቡ ጋር አንድ ላይ፤ ድጎማው በካውንስል በኩል ሳለ ቀጥታ ለአከራዩ ይሄድለት የነበረ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ካውንስል ታክስ (ለካውንስል የሚከፈለው የመኖሪያ ቤት ግብር) ደግሞ ውስጡ የለም። ቅናሹን ለብቻው ካውንስል ነው የምትጠይቁት፤ ያንኑ ሳምንት ጠይቁ።

«አይገባህም» ሲባል ዝም ማለት

እምቢ የሚል ደብዳቤ ስታዩ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ክበቡበት። ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ወር አላችሁ፤ ፖስታው በራችሁ ከደረሰበት ቀን አይደለም። በዩኒቨርሳል ክሬዲት መጀመሪያ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ትጠይቃላችሁ፣ ካልተሳካ ትሪቡናል፣ ማለትም ይግባኝ የሚያይ ገለልተኛ ችሎት፣ አለ፣ ገንዘብ አይጠይቅም። በካፌ ጥግ ፎርም እሞላለሁ ብሎ 50 ፓውንድ የሚቀበል ሰው አያስፈልጋችሁም፤ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነፃ ይረዳል። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን ስልክ ላይ አታቁሙት። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ከሆነ እንደገና ይታይልኝ የሚለውን ጥያቄ ጆርናላችሁ (ኦንላይን አካውንታችሁ ውስጥ ያለው የመልእክት ገጽ) ላይ ጻፉት፦ የትኛው ውሳኔ፣ የስንት ቀን፣ ለምን ስህተት ነው፤ የላካችሁበት ቀንና ሰዓት እዛው ተመዝግቦ ይቀራል። በስልክ ከነገራችኋቸው ግን ማን እንዳነሳው፣ ስንት ሰዓት እንደነበር ራሳችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ።