የሥነ ጽሑፍ ጥናት ወረቀት አልገፋ ሲል

ርዕስህ «ፍቅር በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ውስጥ» ከሆነ ገና ከመነሻው ተቸግረሃል። በጣም ሰፊ ነው፣ የሚከራከርህም የለም። አጥብበው። ለምሳሌ ከልብ ወለዱ ገጸ ባሕርያት ጉዱ ካሳን ብቻ ያዝ። በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ የሚሰነዘረውን ትችት ሰው እንደ እብድ በሚያየው ገጸ ባሕርይ አፍ ማስነገር ትችቱን ያጠነክረዋል ወይስ ያለዝበዋል? በቃ፣ ጥያቄ አገኘህ። መልስህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ ባይጥምህም ጻፈው፣ በኋላ ይቀየራል።

ከዚያ እርሳስ ይዘህ መጽሐፉን እንደገና አንብብ። የገጽ ቁጥር እዚያው መዝግብ፣ አለዚያ ማስረከቢያው ሲደርስ ስትገልጥ ታድራለህ። እትሙንም ያዝ፤ መጽሐፉ ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግሞ ስለታተመ የጓደኛህ ቅጂ ገጽ ካንተው ላይገጥም ይችላል።

ትልቁ ጣጣ ታሪኩን መተረክ ነው። መምህርህ እኮ አንብቦታል! በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንዴት እንደተዋደዱ ለመንገር ሦስት ገጽ አታባክን። ጥቅስ ስታስገባም ወርውረኸው አትለፍ፤ ማን ለማን እንደሚናገር፣ ለምን ያንን ቃል እንደመረጠ፣ ያ ንግግር ከመልስህ ጋር በምን እንደሚገናኝ አብራራ።

ረቂቁን አንድ ሁለት ቀን አሳድረው። ስትመለስ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ አከታትለህ አንብብ፤ ክርክሩ ከተበጣጠሰ ፊደል ከመልቀምህ በፊት አንቀጾቹን አቀያይር። መግቢያውን እንደ አዲስ ጻፍ። የሚያምር ግን ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ አንቀጽ ካለ (ሁሌም አለ) ቆርጠህ ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጠው፣ የመሰረዝን ያህል አያምም።