ያረጁ የእሳት አደጋ መኪኖችን በዕቅድ እንዴት እንተካ?

የእሳት አደጋ መኪና እርጅናው ቶሎ አይታይም። ቀይ ቀለሙ ያበራል፤ ሳይረኑም ይጮኻል። ድካሙ የሚታወቀው እሳት ፊት ቆሞ ውሃ መግፋት ሲያቅተው ነው። ያኔ ግዥ መጀመር ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። መኪናው ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ በጅቡቲ በኩል ከተማችን ባሕር ዳር እስኪገባ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዕቅዱ አሮጌው ገና እየሠራ ይጀመር።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ መኪና ደብተር ይከፈትለት። ሊብሬው ላይ ያለው የምርት ዘመን ብቻውን አይበቃም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ያታልላል። መኪናው ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ እዚያ ግን ቆሞ ለሦስት ሰዓት ያህል ውሃ ሲገፋ ሊቆይ ይችላል። ሞተሩ ይለፋል፤ ቆጣሪው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የሞተር ሰዓት፣ ማለትም ሞተሩ በጠቅላላ የሠራበት ሰዓት፣ ይመዝገብ። በተለምዶ አንድ የሞተር ሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይገመታል።

ከሁሉ በላይ የማምነው ቁጥር ግን ሌላ ነው፦ መኪናው በዓመት ስንት ቀን ጋራዥ ቆመ? መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ መኪና ዕድሜው ገና ቢሆንም አርጅቷል።

ቀጥሎ ፓምፑን በዓመት አንዴ ፈትኑ። ጣና ደጃችን መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። መሳቢያ ቱቦውን ሐይቁ ውስጥ አስገብታችሁ ፓምፑ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል ይገፋ እንደሆነ ለኩ። ለምሳሌ 10-2000 የሚል ከሆነ በ10 ባር ግፊት በደቂቃ 2,000 ሊትር ማለት ነው። ማጣሪያውን ከጭቃ፣ ከደንገልና ከእምቦጭ ጠብቁ፤ ሲዘጋ ጤነኛው ፓምፕ የደከመ ይመስላል።

ከፍታችንንም አትርሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ ከ10 ሜትር ጥልቀት ውሃ ሊሳብ ይችላል የሚለው ስሌት እዚህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በተግባር ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ ስትገዙ የግዥ ዝርዝር መግለጫው (ስፔሲፊኬሽኑ) ላይ «በ1,800 ሜትር ከፍታ ተፈትኖ» የሚል ይግባ። ይህች አንድ መስመር ከብዙ ጸጸት ታድናለች።

ዕድሜን በተመለከተ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 15 ዓመት ያለፈው መኪና ወደ ተጠባባቂነት እንዲዛወር፣ 25 ያለፈው ደግሞ ከአገልግሎት እንዲወጣ ይመክራል። እንደ መነሻ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ለደብተሩ ተዉለት። ጎማንም እንዲሁ፤ ጥርሱ ባይበላም ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋልና ከ7 ዓመት በላይ አታቆዩት።

አሁን ተራ አውጡ። ሁሉም በአንድ ዓመት ከተገዙ ሁሉም በአንድ ዓመት ያረጃሉ። 6 መኪና ኖሮ እያንዳንዱ 18 ዓመት ቢያገለግል በየ3 ዓመቱ አንድ መተካት ነው። በጀቱ አይደነግጥም፤ ከተማውም ባዶ እጁን አይቀርም።

ዋጋውን በብር ብቻ አትያዙ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ምንዛሪው በሳምንታት ውስጥ ምን ያህል እንደዘለለ ሁላችንም አይተናል። በዶላር መዝግቡና በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ ቀድማችሁ በየዓመቱ ከልሱት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ገበያውንና ጠባብ መንደሮችን ዙሩ። ትልቅ መኪና ያምራል፤ ግን 2.5 ሜትር ስፋት ይዞ በቆርቆሮ ሱቆች መሃል አያልፍም። 3,000 ሊትር ታንክም ፓምፑ በደቂቃ 2,000 ከለቀቀ በደቂቃ ተኩል ያልቃል። ስለዚህ ትንሽ መኪናና ከኋላው የሚከተል የውሃ ቦቴ ብዙ ጊዜ ይሻላል። በእርዳታ ያገለገለ መኪና ሲመጣም ከማመስገን ጋር አንድ ነገር ይጠየቅ፦ የቱቦው መጋጠሚያ ከእኛ ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ መኪናው ብቻውን ነው።

ግቢ ውስጥ የቆመና የማይነሳ መኪና ከቁጥር ይውጣ። ሪፖርት ላይ መኪና ይባላል፤ ስልክ ሲደወል ግን የለም። የሚሠራው አሮጌ ግን አዲሱ በመጣ ማግስት አይሸኝ። መጀመሪያ ሾፌሮቹና እሳት ተከላካዮቹ አዲሱን በሌሊት፣ በዝናብ ይንዱት፤ የፓምፑን ቫልቮች በጨለማ በዳሰሳ መክፈት ይልመዱ። አሮጌው እስከዚያ ድረስ ነዳጁ ሞልቶ ይጠብቅ።