የሮበርት ፍሮስትን «ያልተሄደበት መንገድ» ተምሳሌት እንዴት እናንብበው

ድሬ ላይ ለፈተና የምትዘጋጁ ልጆች ስለዚህ የአሜሪካዊው ገጣሚ የፍሮስት ግጥም ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ እኔ የማነብበትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915 የታተመ ነው፣ 4 አንጓ 20 መስመር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ትርጉም ሳትፈልጉ ሁለት ሶስቴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ከዛ ስእሉን ያዙ። ከድሬ ወጥታችሁ ደንገጎ ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈል የለ፣ አንዱ ወደ ሐረር አንዱ ወደ ቁልቢ፣ ሚኒባሱ ሁለቱንም በአንዴ አይሄድም፤ ግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ሰውዬም ጫካ ውስጥ እንደዛ መገንጠያ ላይ ነው የቆመው፣ ግን እሱ መድረሻውን አያውቅም። መንገዱ ምርጫ ነው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚጠፋው መታጠፊያ ደግሞ የማናየው ነገ። ቢጫው ጫካ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው፣ እኔ ጊዜው እየሄደ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

አሁን ቀስ በሉ፣ ዋናው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «ማንም ያልደፈረውን መርጦ ተሳካለት» ብሎ ይዘጋዋል፣ ቲክቶክ ላይም እንደዛ ነው የሚባለው፣ ግን 2ኛውና 3ኛው አንጓ ላይ ሁለቱም መንገዶች እኩል እንደተረገጡ፣ በዛን ጠዋት ሁለቱም ገና ያልጠቆረ ቅጠል እንደለበሱ ራሱ ይነግረናል! ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ብዙ ሰው ያልሄደበት መንገድ ነው የሚለው መቼ ነው? ከብዙ ዘመን በኋላ በረጅሙ ተንፍሶ ወደፊት እንዲህ ብሎ እንደሚያወራ ነው የሚናገረው። ትንፋሹ የእርካታ ይሁን የቁጭት አልተጻፈም፣ ስለዚህ ፈተና ላይ አንዱን ስትመርጡ የተደገፋችሁበትን መስመር ጥቀሱ።